ከጃን ተከል እስከ መስቀል አደባባይ

በአዲስ አበባ መኪና የሚነዳ ሰው መንገድ ለጠፋበት ሲጠቁም «ቀጥ ብለህ ሂድና ሁለተኛውን አደባባይ ዞረህ ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላል። በዚህ አነጋገር አደባባይ ማለት መንገዶች የሚገናኙበት፣ መካከሉ ሣር ወይም ሐውልት የሆነ፣ ተሽከርካሪ የሚዞረው እንጂ ሰው የማይቆምበት ክብ ሥፍራ ነው። አባቶቻችን ይህን ቃል ሲናገሩ በዓይነ ሕሊናቸው የሚታያቸው ግን ሌላ ነበር። «አደባባይ ወጣ» የተባለው ሰው ከስሶ ወይም ተከስሶ፣ ተሾሞ ወይም ተሽሮ በንጉሥና በሕዝብ ፊት የቆመ ነው። «የአደባባይ ሰው» የተባለውም ነገር አዋቂ፣ ሥርዓት የለመደ፣ በብዙ ሰው ፊት ሲናገር አንደበቱ የማይተሳሰር ነው። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደ ደበቀ ሆኖ የሚያንሾካሹክ ቢገኝ ደግሞ የያዘው «የአደባባይ ምስጢር» ነው ተብሎ ይሣቅበታል።

አንድ ቃል ከመቆሚያነት ወደ መዞሪያነት እንዴት ተለወጠ? መልሱ በመዝገበ ቃላት አይገኝም፤ የሚገኘው በከተማው አሠራር ታሪክ ውስጥ ነው። በቅርብ ዓመታት ከታላላቆቹ አደባባዮቻችን አንዳንዶቹ እንደ አዲስ ስለ ተሠሩ፣ ይህን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ጊዜው ይመስለናል። የምንመለከተውም ስለ ሕንፃዎቹ ውበት ለመናገር አይደለም። አደባባይ በፈረሰና በተሠራ ቁጥር ወደ መካከሉ ለመድረስ የቻለው ማን ነው፣ ዳር የቀረውስ ማን ነው የሚለውን ለመጠየቅ ነው። ዛሬ ለዚህ ነገር «ተደራሽነት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ቃሉ ገና ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ያልወጣ፣ በቤትና በገበያ ያልተለመደ ነው፤ ነገሩ ግን ጥንታዊ ነው።

ከጎንደር እንጀምር። ከአፄ ፋሲል ግቢ ውጭ ያለው ሜዳ ጃን ተከል ይባላል። በአጠገቡ ያሉት አብያተ ክርስቲያናትም አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት እየተባሉ ስማቸውን ከዚሁ ወስደዋል። በዚያ ሜዳ አዋጅ በነጋሪት ተነግሯል፣ ሠራዊት ተሰልፏል፣ ፍርድ ተሰጥቷል፣ የሞት ቅጣትም ተፈጽሟል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ፊት ስለሚደረገው ነገር ሲጽፍ፣ ከነጋ እስከ መሸ ፍትሕ የሚለምን ሰው ጩኸት ከግቢው ውጭ ሳይቋረጥ ይሰማ እንደ ነበር ይነግረናል። በክረምት ዝናብ ምክንያት ከሩቅ አገር የሚመጣው ባለ ጉዳይ ሲያንስም፣ ንጉሡ ያለ ጩኸት እንዳይውሉ ለዚሁ የተመደቡ ሥራ ፈቶች እየተተኩ ይጮኹ እንደ ነበር ጨምሮ ጽፏል። ይህን ያነበበ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ላየው ሥርዓቱ ትልቅ ቁም ነገር የያዘ ነበር፤ «አቤት!» የሚል ድምፅ የማይሰማበት አደባባይ የንጉሥ አደባባይ ሆኖ አይቆጠርም ነበር ማለት ነውና።

የጃን ተከል ወለል ሜዳ ነው። ደረጃ የለውም፣ እርከን የለውም። ባለ በቅሎው በበቅሎው፣ እግረኛው በእግሩ፣ መሄድ የተሳነው በዘመድ ትከሻ ወይም በአልጋ ሸክም ይገባበታል። ይህን ስንል ያለፈው ዘመን ለደካማ የተመቸ ነበር ለማለት አይደለም። ማየት የተሳነውና እግሩ የማይሄድለት ሰው በዚያ ዘመን የነበረው ቦታ የታወቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ነው። ሕዝቡ በጨዋ አነጋገር «የኔ ቢጤ» ብሎ ቢጠራውም፣ ቢጤነቱ በስም እንጂ በተቀመጠበት ቦታ አልታየም። የሆነው ሆኖ መሬቱ ራሱ አልከለከለውም። የከለከለው ቢኖር ሰው ነበር፤ ሰው የከለከለውን ደግሞ ሰው ሊፈቅደው ይችላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ አሳብ ከፍል ውሃው በላይ ስትቆረቆር ሁለት ልብ ነበራት። አንደኛው ግቢው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አራዳ። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው ሜዳ ገበያም ችሎትም ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ጥጡ፣ አሞሌ ጨውና የጋማ ከብት በየተራው ይዘረጋል፤ በተለይ ቅዳሜ ቀን ከከተማው ዙሪያ ያለው ባላገር ሁሉ ይጎርፍ ነበር። ሌባ የሚቀጣውም አዋጅ የሚነገረውም እዚያው ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የታነጸው፣ ኋላም ዛሬ የምናየው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ የተተካበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለሜዳው ግርማ ሰጠው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። ከሁለተኛው ንግሥ በዓል አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በዚያ ሥፍራ ተመረቀ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ፣ ንጉሡ ኮርቻው ላይ ሆነው ሲታዩ፣ ገበያተኛው ጨውና በርበሬውን ይዞ ከሐውልቱ አጠገብ ያልፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ሐውልቱ የቆመው በሰው መካከል ነው።

ይህን አደባባይ መጀመሪያ የለወጠው ጠላት ነው። የፋሽስት ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ በ1929 ዓ.ም. የምኒልክን ሐውልት ከቦታው አነሣ። የአድዋን ድል አድራጊ በየዕለቱ እያዩ መኖር ከባድ ሆኖበት እንደ ነበር ለማስተዋል አያዳግትም። ከሐውልቱ ይልቅ ለረጅም ዘመን የቆየውን ለውጥ ያመጣው ግን ሌላው ሥራው ነው። የጣሊያኖቹ የከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ የሚያኖር ነበርና፣ የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ለአገሬው ሰው የተለየ ሠፈርና የተለየ ገበያ ተሰመረለት። አራዳም ፒያሳ ተባለ። እስከ ትናንት የራሱ ሜዳ በሆነው ላይ ባላገሩ እንግዳ ሆነ። ወደ አደባባይ የሚያስገባው መንገድ ያለ ግንብና ያለ ደረጃ፣ በሕግ ብቻ ሲዘጋ ያየነው በዚያ ዘመን ነው።

ነጻነት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ገበያው ግን አልተመለሰም። ወራሪው ሕዝቡን ለማራቅ ብሎ የወሰደውን ገበያ ሕዝቡ በሄደበት አሳድጎት መርካቶን የሚያህል ነገር አደረገው፤ ጠላት ያላሰበው ነገር ይህ ነው። አራዳ በበኩሉ ባንክና ሲኒማ፣ ወርቅ ቤትና ኬክ ቤት የሞላበት የከተማ ሰው መንሸራሸሪያ ሆነ። መንሸራሸር መልካም ነው፤ ነገር ግን ለመንሸራሸር ልብስና ጊዜ ያስፈልጋል። ጨው ሊሸጥ የሚመጣው ባላገር ከዚያ በኋላ ወደ አራዳ የሚያመጣው ጉዳይ አልነበረውም። ከሁሉ የሚገርመው፣ የጠላት አገዛዝ ካለፈ ሰማንያ ዓመት ሲሞላ እንኳ ስሙ ፒያሳ መሆኑ አልቀረም።

ሁለተኛው ለውጥ ማንም አዋጅ ሳይነግርለት የመጣ ነው፤ ያመጣውም መኪና ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የገባችው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ ነገር ሁሉ የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነውና በደስታ ተቀብለዋታል። በዚያን ጊዜ መኪናዋ በሰው መካከል የምታልፍ ብርቅ ነበረች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰው በመኪና መካከል የሚያልፍ ሆነ። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ግድም ለከተማዋ ባወጡት ፕላን ክብ መንገዶችንና ከመካከል ወደ ዳር የሚወጡ ጎዳናዎችን አሰቡ። ከእሳቸው በኋላ ፈረንሳዊው ደ ማርየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ጎዳና የከተማዋ አከርካሪ አደረጉት። በዚህ ጎዳና ራስ ላይ የተሠራው፣ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የተነደፈውና በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ዛሬም ያማረ ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች የተማሩና ለከተማዋ በጎ የሚያስቡ መሆናቸውን አንጠራጠርም። ይሁንና በዘመኑ የከተማ መሐንዲስ ዘንድ መንገድ ማለት የመኪና መንገድ ነበር፤ አደባባይም መንገዶች ሲጋጠሙ መኪናው እንዳይቆም የሚያዞረው ክብ ሆነ።

ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት እናስብ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለ ወደቁት ንጹሐን የቆመ፣ በዙሪያው የቀረጹት የነሐስ ምስሎች ልብ የሚነኩ መታሰቢያ ነው። በየዓመቱ በዕለቱ አርበኞች ሜዳያቸውን አንጠልጥለው በዚያ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ። በቀሩት ቀኖች ግን ሐውልቱ በመኪና ባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ነው። ምስሎቹን ቀርቦ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ሩጫ ማወቅ ያስፈልገዋል። መሮጥ የማይችለውስ? በዚያው አካባቢ ባለው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ይማራሉ። እነርሱ መንገድ የሚሻገሩት በጆሮአቸው ነው። መብራት ባለበት መስቀለኛ መንገድ መኪናው ሲቆም ጸጥታ ይሆናል፤ ያ ጸጥታ ለዐይነ ስውሩ «አሁን እለፍ» የሚል ቃል ነው። በክብ አደባባይ ግን መኪና ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አይቆምም፤ ጸጥታም የለም። በትሩን ዘርግቶ የቆመ አንድ ወጣት የሚሻገርበትን ክፍተት በጆሮው ሲፈልግ፣ አላፊ አግዳሚ ክንዱን ይዞ እስኪያሻግረው ድረስ ሲጠብቅ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለንም። በቃሉ ትርጉም መለወጥ የተጎዳው ማን እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ መስቀል አደባባይ እንውረድ። ይህ ሥፍራ ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በታች የመስቀል በዓል የሚከበርበት ሜዳ ስለ ሆነ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስሙን ከበዓሉ አገኘ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነታቸውን ድርጅት የመሠረቱበት የአፍሪካ አዳራሽም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ደርግ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሥፍራው አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ለሰልፍ እንዲሆንም ሰፋ። በደቡብ በኩል ያለው ተረተር በግማሽ ክብ እርከን እርከን ሆኖ ተሠርቶ ተመልካች የሚቀመጥበት ሆነ፤ ከፊቱ ያለውም አስፋልት ታንክና ሠራዊት የሚያልፍበት ሰፊ ሜዳ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ታላላቅ ሥዕሎች እያዩት ሕዝብ አለፈበት።

ስለዚያ ዘመን ስንጽፍ ብዕራችን ይከብዳል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን የሰበሩት በዚሁ አደባባይ ነው፤ ከዚያም በኋላ የቀይ ሽብር ወራት ስንት ቤት እንደ ዘጉ የምናውቅ እናውቀዋለን። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም በአደባባዩ ማዕዘን ላይ መቆሙ ተገቢ ነው። ሌላ አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። በዚያ ዘመን ወደ አደባባዩ መግባት አስቸጋሪ አልነበረም። ቀበሌው ስም እየጠራ ያወጣል፤ የቀረ ይጠየቃል። የሰው ሐዘን «እንዳልገባ ከለከሉኝ» ሳይሆን «እንዳልቀር ከለከሉኝ» የሚል ነበር። እንግዲህ ስለ አደባባይ በር ስንናገር፣ በር ለመግባት ብቻ ሳይሆን ለመውጣትም መሆኑን ከዚያ ዘመን ተምረናል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስሙ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ብንዘረዝር ገጹ አይበቃም፤ የሰልፉንም የሐዘኑንም ቀን የሚያስታውስ አንባቢ ብዙ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን የዘወትሩ ነገር ነው። ደርግ ለሰልፍ ተመልካች ያነጻቸውን እርከኖች ከተማዋ ራስዋ ለሌላ ሥራ ዋለቻቸው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጣቶች እርከን ከእርከን እየተሸጋገሩ ከዳር እስከ ዳር ይሮጡ ጀመር፤ እርከኖቹን ሁሉ ጠመዝማዛ አድርጎ የጨረሰ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ ይህን ልማድ አባዛው። ለጉልበተኛ እግር እንዲህ ያለ የልምምድ ቦታ በሌላ ከተማ መገኘቱን እንጃ። ጉልበት ለሌለው እግር ግን ያው እርከን ግድግዳ ነው።

አደባባዩን እንደ አዲስ ማሠራት በ2012 ዓ.ም. ተጀምሮ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ላይ ተመረቀ። ከመሬት በታች 1400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተቆፈረ፤ ከላይ እርከኖቹ በአዲስ ድንጋይ ተሠሩ፤ ታላላቅ ስክሪኖችና ፏፏቴዎች ተተከሉ፤ ከዚያ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው መንገድም አብሮ ታደሰ። ሥራው ሲጀመር ስለ በዓሉና ስለ ሥፍራው ክርክር መነሣቱ አይዘነጋም፤ ያለ ክርክር የተሠራ አደባባይም በየትኛውም አገር ያለ አይመስለንም። ዛሬ ማታ ማታ ቤተ ሰብ ሕፃናቱን ይዞ እየወጣ አየር ይቀበልበታል። የቆመው መኪና ከዐይን መጥፋቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ያመሰገንነውን አመስግነን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ይህ አደባባይ ከተሠራ በኋላም በባሕርዩ ባለ እርከን ነው፤ የሚያየውም ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ወደ ላይ የወጣ ሁሉን ያያል፤ ከታች የቀረ ከፊቱ የቆመውን ሰው ጀርባ ያያል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ያረገዘች ሴት፣ ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት፣ እነዚህ ሁሉ የታች ሰዎች ናቸው። የከተማ ሰው ስለ ደረጃ ሲነገረው «ዳር ዳሩን ተዳፋት ቢደረግለት ምን አለበት» ይላል። ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ችግር የሚወጣው ተዳፋት አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት ዐሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ግድ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ያስፈልጋል። ለዐሥር ደረጃ 18 ሜትር፤ ያውም በመካከሉ ክንድ የሚያሳርፉበት ደልዳላ ቦታ ሳይቆጠር። ይህን የሚያህል ርዝመት ሥራው ካለቀ በኋላ ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ነገሩ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ የመጀመሪያው መሥመር ሲሰመር መታሰብ ያለበት። በኋላ የሚጨመር ተዳፋት ብዙውን ጊዜ ቁልቁለት ነው፤ በሱ ላይ ወንበሩን የሚገፋው ሰው ራሱ ሌላ ገፊ ያስፈልገዋል።

ሕጉን በተመለከተ አገራችን ዝም አላለችም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማናቸውም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ ችለው ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች፤ ይህም ስምምነት ከሕንፃ ሌላ መንገድንና መጓጓዣን ይጨምራል። የአዋጁን ቃል ስናነብ ግን አንድ ነገር ገርሞናል። ሕጉ ያሰበው ሕንፃን ነው፤ ጣራና ግድግዳ ያለውን። ጣራውም ሰማይ፣ ግድግዳውም ሰው የሆነው አደባባይ ከሕንፃ ተቆጥሮ የሚጠየቅ አይመስልም። መሐንዲሱ ሊፍቱን በሕንፃው ውስጥ አድርጎ ሕጉን ሲፈጽም፣ እስከ ሕንፃው በር የሚያደርሰው መንገድ በቦይና በተሰበረ ጠርዝ ሊቋረጥ ይችላል።

ለሕጉ መንፈስ ፍቺ የሚሰጠው አንዳንድ ጊዜ አንዲት ድንጋይ ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ለዐይነ ስውራን የሚሆን አንድ ንጣፍ አሰበ፤ ነጥብና መሥመር በላዩ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ በእግር መዳፍና በበትር ጫፍ የሚታወቅ ነው። መሥመሩ «ቀጥል» ይላል፤ ነጥቡ «ቁም» ይላል። በኦካያማ ከተማ በአንድ መንገድ ዳር መጀመሪያ ከተነጠፈ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተዳርሷል። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባም በኮሪደር ልማት በተሠሩ የእግረኛ መንገዶች ላይ ይህን ንጣፍ ማየት ጀምረናል፤ ስናየውም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ንጣፍ ፊደል ነው፤ በትክክል ካልተጻፈ አይነበብም። «ቀጥል» የሚለው መሥመር ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚያጋጭ ከሆነ ባይኖር ይሻል ነበር። ንጣፉን የሚያነጥፈው ሠራተኛ ትርጉሙን ካልተነገረው ከጌጥ ለይቶ የሚያየው በምን ነው? አንድ ዐይነ ስውር መምህር ለአንድ ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ቢውል ከብዙ መመሪያ ይልቅ ይጠቅም ነበር ብለን እናስባለን።

ይህ ሁሉ ከታሪካችን መጀመሪያ ወደ ነበረው ሥፍራ፣ ወደ አራዳ ይመልሰናል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በምኒልክ አደባባይ አጠገብ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰው ጎዳናዎቹ ሰፉ። በየጠባቡ መተላለፊያ የኖረው ሰው ወደ ሌላ ሠፈር ሄዷል፤ ኑሮውንና ዕድሩን ከአዲሱ ሠፈር ጋር ማስማማት ቀላል ነገር አይደለም። ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ሰው እንዲጽፍ እንመኛለን፤ የሚጽፈውም ቢቻል ከእነርሱ አንዱ ቢሆን መልካም ነው። የእግረኛው መንገድ ግን ያለ ጥርጥር ሰፍቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሲያልፍ ከታክሲ ወረፋና ከተሰነጠቀ ንጣፍ ጋር የሚታገል ሰው፣ ዛሬ ቀና ብሎ ሐውልቱን እያየ መሄድ ይችላል። የምኒልክ ፈረስ ሲተከል ከሕዝብ መካከል ነበር፤ በኋላ የመኪና መዞሪያ ሆነ። ቢያንስ በአንድ ወገን ወደ ሰው መመለሱን ስናይ፣ ከጃን ተከል የጀመርነው ታሪክ ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ ይመስላል።

አንድ የደመራ ማታ ያየነውን ጽፈን እናብቃ። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ከመስቀል አደባባይ ዳር፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ በቆመበት፣ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፤ በእጃቸው የአደይ አበባ ይዘዋል። ወንበሩን የምትገፋው የልጅ ልጃቸው ናት። ከመንገዱ ጠርዝ ሲደርሱ ሳይጠሩ የመጡ አራት ወጣቶች «እማማ፣ አይዞዎት» ብለው ከወንበሩ ጋር አንሥተው አስገቡአቸው። ከዚያ ወዲያ ግን የሚያስኬድ አልነበረም፤ ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ግድግዳ ሆነ። አሮጊቷ ጢሱን አዩ፤ የእሳቱንም ብርሃን በሰዎች ራስ ላይ አዩ። እልልታው ድንገት ሲነሣ ደመራው መውደቁን ዐወቁ። እንደምናውቀው አባቶቻችን ደመራው ወደ ወደቀበት አቅጣጫ ተመልክተው የዘመኑን መልክ ይተረጉማሉ።

«ወዴት ወደቀ?» አሉ።

ልጅቱ በእግር ጣቶቿ ቆመች፤ አልታያትም። ወንበሩን ትታ እንዳትሄድ ሰው ይገፋቸዋል ብላ ፈራች። ከእርከኑ በላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ጥያቄውን ሰምቶ ጎንበስ አለና «ወደ ምሥራቅ ነው እማማ» አላቸው። አሮጊቷም አማትበው፣ «አንተ ካየህ ይበቃል ልጄ» ብለው አበባቸውን ወደ እሱ ዘረጉለት። አልደረሰበትም፤ ወጣቶቹ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፈው ሰጡት።